ስፌት ያለበት እጅ

በዚያ ዘመን በድሬዳዋ የሌላ ሰው እጅ ለክቶ ማየት ጫማ ለክቶ ከማየት የተለየ ነገር አልነበረም። ሰዎች በምሳ ሰዓታቸው ወደ «ቅን እጅ» የሥልጠና ተቋም ጎራ ይላሉ፤ አንዱ የአናጢ እጅ፣ ሌላው የፀጉር ሠሪ እጅ ለሰባት ደቂቃ አጥልቆ ይሞክራል፤ ካልተስማማው አውልቆ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ዘምዘም ግን ከደንገጎ አቀበት ወርዳ የመጣችው ሰባት ደቂቃ ለማሳለፍ አልነበረም። በከፍታው ላይ ያለው የድንገተኛ ሕክምና ጣቢያ ባለሙያው ዓይኑ ደክሞ ሥራውን ከተወ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ሕጉ አጭር ነው፤ በአርባ ቀን ውስጥ ባለሙያ ያላገኘ ጣቢያ ይታሸጋል። ከከተማው የሚነሣው በራሪ አምቡላንስ ከቀትር በኋላ በሚነፍሰው ነፋስ ምክንያት ተራራውን አይደፍርም፤ በመኪና ደግሞ መንገዱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከሰው ገላ ምን ያህል ደም እንደሚወጣ ዘምዘም ታውቃለች። አራት ዓመት የጣቢያው ረዳት ሆና መሣሪያ ስታጥብ፣ ኦክስጅን ስትሞላ፣ መዝገብ ስትጽፍ ኖራለች። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በአንድ ቃል «ተማሪና ተመለሺ» ብሎ ላካት። የት እንደምትማር የነገራት ግን አልነበረም።

የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን የሚያበቃ ቦታ ሁለት ነበር። አንደኛው ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ሁለተኛው አሥራ ስምንት ወር። የሁለቱም ምዝገባ በዚያው ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

«እጅሽን ዘርጊልኝ» አላት ያፌት፣ የ«ቅን እጅ» አስተናጋጅ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ እጅጌ በሁለቱም እጆቿ ከጣቷ ጫፍ እስከ ክርኗ ሳበላት። «ይኼ ግልባጭ ይባላል። የአንድ የሠለጠነ ሰው የእጅ ልምድ ከነርቩ ተቀድቶ በአንቺ ነርቭ ላይ ይጻፋል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለሚመለከተው ሁሉ ግልባጭ ይደረግ የለ? እንደዚያው በይው። ዛሬ ለሙከራ ስለሆነ ስታወልቂው ይጠፋል፤ በዘጠኝ ቀን ከተጻፈ ግን አይጠፋም።»

ከፊቷ በጠረጴዛ ላይ የተጋደመው የፕላስቲክ የልምምድ ገላ ከጭኑ ቀይ ውሃ ይተፋ ጀመር። ዘምዘም ምን ማድረግ እንዳለባት ከማሰቧ በፊት እጆቿ ተነሥተው ነበር። ግራ እጇ ቁስሉን ተጫነ፤ ቀኟ ማሰሪያውን ፈትቶ ከቁስሉ በላይ አጠበቀ፤ ጣቶቿ ሰዓቱን በማሰሪያው ላይ ጻፉ። በራሷ እጅ እንዲህ ያለ ውበት ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። አራት ዓመት ሙሉ የቀናችበት ነገር አሁን ከትከሻዋ በታች ነበር።

ያፌት ሌላ ገላ አስጠጋላት። እጆቿ ወደ ደረቱ ሄዱ። ሊነኩት አንድ ስንዝር ሲቀራቸው፣ የቀኙ መዳፍ ከግራው ጥቂት ከፍ ብሎ በአየር ላይ ቆሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወረዱና ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ምንድን ነው ያቆማቸው?»

«አቦ አትደንግጪ፤ ስፌቷ ናት» አላት ያፌት። «ሁለት ቅጂ ሲገጣጠም የተረፈች ጉድለት ናት። አራት ሰከንድ ታስቆምሻለች። መሐንዲሶቹ ስንት ዓመት ሲታገሏት ኖረው ይኸው ሰሞኑን ነቅለዋታል። ዕድለኛ ነሽ፤ ነገ የሚጀምር ሁሉ አዲሱን ያገኛል። አሮጌው ዛሬ ማታ ይሰረዛል።»

የምዝገባ ቅጹን ሰጣት። በግርጌው በደቃቅ ፊደል «ግልባጭ የተጻፈበት እጅ በዚያው ሙያ ሌላ ትምህርት አይቀበልም» ይላል።

«ይኼስ?»

«እጅሽ ቀድሞሽ ይሄዳል ማለት ነው። ኋላ አስተማሪ ቢመጣ እጅሽ አይሰማውም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ማን ይፈልገዋል ብለሽ ነው? እጅሽ እንደሆነ አውቆ ጨርሷል።»

ዘምዘም ቅጹን አጥፋ በቦርሳዋ ከተተች።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ከዚራ በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ ከድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ነበር። አስተማሪዋ ሲስተር አስካለ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ረጅም ሴት ናቸው፤ ነጭ የሩጫ ጫማ አድርገው በረንዳው ላይ ፋሻ እየጠቀለሉ አገኘቻቸው።

«አሥራ ስምንት ወር ነው» አሏት፣ ገና ሳትጠይቃቸው። «የመጀመሪያውን ሦስት ወር የሰው ትንፋሽ ስትቆጥሪ ነው የምትከርሚው። ባለፈው ዙር አምስት ገቡ፤ ሁለት ጨረሱ።»

«ሦስቱ ከበዳቸው?»

«ሰለቻቸው። እኔም አንዳንድ ቀን ይሰለቸኛል።»

ዘምዘም የደንገጎን ነገር ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት የግቢው የድንገተኛ ጥሪ ደወል ጮኸ። ሲስተር አስካለ ፋሻውን እንደያዙ ተነሡ። «ነይ፣ መኪና ውስጥ ትነግሪኛለሽ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ናቸው፤ ቦርሳ የሚይዝልኝ የለም።»

አምቡላንሱ ሹፌር አልነበረውም። በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በጸጥታ እየተንሸራተተ፣ የጭነት ድሮኖች ከሚያርፉበት ሜዳ አደረሳቸው። አንዲት የሃምሳ ዓመት ያህል ሴት ከብረት ሣጥኖች አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ስትወድቅ የሣጥኑ ጠርዝ ቀኝ ክንዷን ሸርክቶታል። ከእነርሱ ጋር እኩል በሞተር የደረሰ አንድ ወጣት ባለሙያ ከፊቷ ተንበረከከ። በደረቱ ላይ «ቅን እጅ» የሚል ምልክትና ሚልኪያስ የሚል ስም ተለጥፏል።

እጆቹ ተነሡ፣ በአየር ላይ ቆሙ። የቀኙ መዳፍ ከግራው ከፍ ብሎ ነበር። አራት ሰከንድ ሙሉ ሚልኪያስም ሴቲቱም ዝም ብለው ተያዩ። ከዚያ እጆቹ ወርደው ቁስሉን ዘምዘም አይታ በማታውቀው ጥራት አጸዱ፣ ገጠሙ፣ አሰሩ። የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷንና ኦክስጅኗን የሚያነብበውን አምባር በግራ እጇ አጥልቆ አየ።

«ሁሉም ልክ ነው፣ ሲስተር» አለ። «ክንዷን ማንሣት አቅቷታል፤ ቁስሉ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

«ጎሽ። እኔም አንድ ጊዜ ልያቸው» አሉ ሲስተር አስካለ። ተንበረከኩ። እጆቻቸው ወደ ሴቲቱ ሄዱና አንድ ስንዝር ሲቀራቸው በአየር ላይ ቆሙ። የቀኙ መዳፍ ከግራው ጥቂት ከፍ ብሎ።

ዘምዘም የያዘችው ቦርሳ ከበዳት። ያንን አቋቋም ከሦስት ሰዓት በፊት በራሷ ክንድ ላይ አይታዋለች። የሲስተር አስካለ አፍ ግን ዝም አላለም።

«እንዴት ዋሉ እናቴ? ማን ልበል?»

«ሩቂያ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ተመስገን። ልጆችስ? ቤት ሰላም ነው?»

«ሰላም ናቸው። ትልቋማ ባለፈው ሳምንት...» ሴቲቱ ቆመች። ቀጥሎ የመጣው ቃል እርጥብ ጨርቅ እንደሚጎተት ከአፏ ተጎተተ፤ ምን እንደሆነ አልተሰማም።

ሲስተር አስካለ ድምፃቸውን አልለወጡም። «እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ፣ አዴ ሩቂያ።»

ግማሽ አፏ ፈገግ አለ።

«ቀኝ እጅዎ የከበደዎት ከመውደቅዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት» አለች ሩቂያ፣ እርሷም ገና አሁን እንዳስታወሰችው ሁሉ። «ሣጥኑን ላነሣ ስል እንቢ አለኝ።»

«ስትሮክ ነው» አሉት ሲስተር አስካለ ሚልኪያስን። ወደ አንጎሏ የሚሄደው ደም ተዘግቷል ማለት ነበር። «ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሆስፒታል። ጊዜ አለን፤ ግን ብዙ አይደለም።» ሚልኪያስ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሲስተር አስካለ በትከሻው ላይ መታ መታ አደረጉት። «ፋሻህ በጣም ጥሩ ነው። በል ያዛት።»

ሆስፒታሉ ሩቂያን በጊዜ ተቀበላት። ሲመለሱ ዘምዘም መኪናው ውስጥ «ሲስተር፣ እጅዎ አራት ሰከንድ ይቆማል» አለች።

ሲስተር አስካለ በመስኮቱ ወደ አሸዋው ተመለከቱ። «ቅን እጅ ሄደሽ ነበር ማለት ነው።»

«የእርስዎ እጅ ነው?»

«ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መጥተው እጅሽን እንቅዳው አሉኝ። አርባ ቀን እጅጌ አጥልቄ ሠራሁላቸው። እጅ ነው ያሉኝ፤ ስለ አፌ ማንም አልጠየቀኝ። ቅጂውን ሲያጣሩ ወሬዬን ሁሉ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ጣሉት። አልፈርድባቸውም። የድሬ ሰላምታ ታውቂው የለ? ከአርባው ቀን አሥሩ እንዴት ናችሁ ነው።»

«ስፌት ነው የሚሉት። ሁለት ቅጂ ሲጋጠም የተረፈ።»

ሲስተር አስካለ ሳቁ። «ሰላም እያልኩ መንካት አልችልም። መልስ እጠብቃለሁ። አየሽ፣ እዚህ አገር ሰው እግሩ ተሰብሮም ደህና ነኝ ይላል። ስለዚህ የሚለውን አልሰማም። ንግግሩ የት ቦታ እንደሚሰበር ነው የምሰማው። በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ይዘልቃል? የልጁን ስም ያውቀዋል? ሩቂያ ስለ ትልቋ ልጇ ልትነግረኝ ስትል ነው የያዝኳት። ለዚያ አራት ሰከንድ ይበቃኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው። ሰላምታሽንም እንቅዳው አሉኝ። እንቢ አልኩ።» ፋሻውን እንደገና መጠቅለል ጀመሩ። «የሌላ ሰው ሰላምታ ከአፍሽ ቢወጣ ማን ይመልስልሻል?»

«እጅዎን ማስቀዳትዎ ይቆጭዎታል?»

«ኧረ በፍጹም። ድሬ ውስጥ ደም ፈስሶት የሚሞት ሰው ከጠፋ ስንት ዓመት ሆነው? አንድ አስካለ ስንት ቦታ ትደርስ ነበር? ያ እጅ ብዙ ሰው አትርፏል። ባዶ እጅ ነው ብዬ ላንቋሽሸው አልችልም፤ የራሴ እጅ ነው።»

ዘምዘም የደንገጎን ነገር ነገረቻቸው። ሃያ ዘጠኙን ቀን፣ የቀረውን አሥራ አንድ ቀን፣ የከሰዓቱን ነፋስ። ሲስተር አስካለ ሳያቋርጡ አዳመጡ።

«እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?»

«እኔ አልመርጥልሽም፣ ልጄ። እኔ ጋ ከገባሽ ጥሩ ባለሙያ ትሆኛለሽ፤ የያዝሽው ቦርሳ ላይ የእጅሽን ጥንቃቄ አይቻለሁ። ደንገጎ ግን ዓመት ተኩል ሰው አይኖረውም። እዚያ ከገባሽ በአሥረኛው ቀን ትደርሺላቸዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ግን ላስተምርሽ ብል እንኳ እጅሽ አይሰማኝም።»

ዘምዘም ከዚራ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ወደ እናቷ ደወለች። አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር።

«መረጥሽ ወይ፣ ዘሙ?»

«ገና ነኝ፣ እማ። ሰዉ እንዴት ነው?»

«ሰዉማ እንዳይታመም ፈርቶ ተጠንቅቆ ነው የሚሄደው። አቀበቱን እንደ ሙሽራ እየረገጠ ነው የሚወርደው።» እናቷ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «የሀሊማ ምራት ወሯ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት መጥታ የጣቢያውን በር አይታ ሄደች። ትምህርት ትምህርት አይደለም እንዴ? ምንድን ነው ያስቸገረሽ?»

«አንዱ ያስተምረኛል፣ እማ። ሌላው ይጽፍብኛል።»

በመስመሩ ላይ የተራራው ነፋስ ይሰማ ነበር። «የሚጻፍብሽ ክፉ ነገር ነው?»

«አይደለም። በጣም ጥሩ ነገር ነው። የእኔ አይደለም እንጂ።»

«እኔ አንቺን ልኬ ማንን እንደሚመልሱልኝ ምን አውቃለሁ?» አለች እናቷ። «ብቻ ቶሎ ነይ አልልሽም። የሀሊማን ምራት ግን በዓይኔ እያየሁ ነው።»

ዘምዘም ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጆቿን በጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። ሳሙና ያደረቃቸው፣ በመርፌ ሣጥን የተጫሩ፣ ብዙ የማያውቁ እጆች ነበሩ። ምን ያህል ሊያውቁ ይችሉ እንደነበር ከዚህ ወዲያ ማንም አይነግራትም። ተነሣች።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ያፌትን ወንበሮቹን ሲያነሣ አገኘችው።

«ልመዘገብ ነው» አለችው። «የምፈልገው ግን የቆየውን ነው።»

«የቆየ ምን?»

«ስፌት ያለበትን።»

ያፌት ወንበሩን አስቀመጠ። «አቦ አትቀልጂብኝ። አዲስ ሱሪ እያለ የተጣፈ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ማታ ነው የሚሰረዘው ብለኸኛል። አሁን አልመሸም።»

ከመዝገቡ ፊት ቆሞ ረጅም ጊዜ አነበበ። የሚከለክል ነገር ፈልጎ አጣ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ የሚከለክል ደንብም አልተጻፈም። «እሺ። ግን ለምን እንደሆነ ንገሪኝ፤ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ባዶ ቦታ አለው በላቸው።»

ያፌት ይህን በቅጹ ላይ በምክንያት መስመር ጻፈው። ዘምዘም ከሥሩ ፈረመች። በራሷ የእጅ ጽሕፈት።

ዘጠኙ ቀን በሕመምም በድንቅም አልነበረም ያለፈው፤ እንደ እንቅልፍ ነበር። በየቀኑ ስትነቃ እጇ ትናንት የማያውቀውን ያውቃል። በአዳራሹ ከእርሷ ጋር የነበሩት ሃያ ሠልጣኞች ሁሉም አዲሱን ነበር የያዙት፤ እጆቻቸው ያለማመንታት ይወርዳሉ። የእርሷ እጆች ሲቆሙ እርሷ ለልምምዱ ገላ «እንዴት ዋሉ? ልጆችስ?» ትለዋለች። መጀመሪያ ቀን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከገላው ጀርባ ተደብቆ በወፍራም ድምፅ «አልሐምዱሊላህ፣ ፕላስቲክ ነኝ» ብሎ መለሰላት። እርሷም ሳቀች፤ ግን አልተወችውም። አራት ሰከንድ ለደንገጎ ሰላምታ በጣም አጭር ነበር። ሁለት ጥያቄ ብቻ እስኪቀር ድረስ ሰላምታውን መላልሳ ቆረጠችው።

በአርባኛው ቀን የደንገጎ ጣቢያ በር አልታሸገም። ዘምዘም ስሟን በመዝገቡ የባለሙያ ዓምድ ጻፈች፤ ያንን ዓምድ ለሌላ ሰው ስትሞላ አራት ዓመት ኖራለች።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ ኦቦ ሙሜን በቃሬዛ አመጡላት። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የእርከኑን ካብ ሲጠግኑ ድንጋዩ ተንሸራትቶ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ሰብሮታል። አጥንቱ ቆዳውን ገፍቶ ይታያል። የተሸከሟቸው ሰዎች አውርደዋቸው ወደ ውጭ ወጡ።

የዘምዘም እጆች ተነሡ። ቆሙ።

«እንዴት ዋሉ፣ ኦቦ ሙሜ? ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ደህና ነኝ።»

«ልጆችስ?»

«ልጆቹም በጎቹም ሰላም ናቸው። ያ ካብ ብቻ ነው ሰላም የነሣኝ።» ድምፃቸው ታመመ እንጂ አልተሰበረም። በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘለቁት። ደረታቸው ደህና ነው፤ አእምሯቸውም ደህና ነው። ዘምዘም ይህን ሰማች፤ አራቱ ሰከንድም አለቀ። እጆቿ ከእርሷ ተለይተው ወረዱና ሱሪውን መቅደድ ጀመሩ።

ኦቦ ሙሜ ግን ገና አልጨረሱም። የጠየቃቸውን ሰው መልሰው ሳይጠይቁ የሚተዉ ሰው አልነበሩም።

«አንቺስ፣ ልጄ? ከተማው እንዴት ሆነልሽ? ደህና ነሽ ወይ?»

የልምምዱ ገላ ይህን አልጠየቃትም ነበር። ሲስተር አስካለም ስለዚህ ምንም አልነገሯትም። ዘምዘም ወደ እጆቿ አየች። ጣቶቿ የእግሩን ሙቀት ፈትሸው፣ ደሙን ገድበው፣ ድጋፉን እየለኩ ነበር። አንድም ስሕተት አልነበረባቸውም። እርሷን የሚፈልግ ነገር አልነበረም፤ ከመመለስ በስተቀር።

«ደህና ነኝ» አለች።

ቃሉ መሃል ላይ ተሰበረ። ራሷ ሰማችው። ኦቦ ሙሜም ሰሙት።

ሽማግሌው የተሰበረ እግራቸውን ትተው ፊቷን አዩ። ምን እንደሆነች አልጠየቋትም፤ ምን ትታ እንደመጣች የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከቃሬዛው ላይ እንደምንም ቀና ብለው፣ አቧራ የለበሰ ከባድ መዳፋቸውን በራሷ ላይ አኖሩ።

«አይዞሽ» አሏት።

ሁለት የተካኑ እጆች ከታች ሥራቸውን ቀጠሉ። ከላይ ሁለት ሰዎች አንዳቸው በሌላቸው ትንፋሽ ላይ ጆሯቸውን ጥለው ጸጥ አሉ። በዚያች ቅጽበት ከሁለቱ ታካሚው ማን እንደሆነ እርግጠኛ የነበረው መዝገቡ ብቻ ነበር።